«ሰው ምን ይላል» ያስቀረው እርምጃ

ልብስ ሰፊው ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ሱቁ ሲወጣ ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረውና የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ነርስ የሆነችው ልጁ የደንብ ልብሷን ልታሳጥር ስትመጣ ድንገት እዚያው አገኘችው። ሱቅ እንደገቡ ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጠቀለለች፤ አረፍ ካለ በኋላም ደጋግማ ለካችው።

«መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ስድስት። አባባ፣ ገና በሽታ አይባልም፤ ደፉ ላይ ግን ቆመዋል። ይራመዱ።»

«ደፍ ላይ ያለ አልገባም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። «ደረጃ ስወጣ እንኳ ልቤ ይደልቃል። ‹በቃኝ› የሚለውን ልብ ጭራሽ ላስሩጠው?»

«መደለቁማ ሥራው ነው። ሲራመዱ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይወጣል፤ ሲያርፉ ግን ከመነሻው ዝቅ ብሎ ለሰዓታት ይቆያል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለወራት ቢለምዱት የደም ሥር ይላላል፣ ልብም በጥቂት ምት ብዙ ደም መግፋት ይችላል። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ካዞረዎት ግን ቆመው ሐኪም ያማክሩ።»

«እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ ነው የምውለው!»

«እግርዎ ይወዛወዛል እንጂ ወገብዎ ከወንበር መቼ ተነሣ?»

«አባወራ ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ሰው ምን ይላል?»

ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ።

«እማዬም ከስድስት ዓመት በፊት ቁጥሯ ይኸው ነበር። ጠዋት ጠዋት መራመድ ስትጀምር ‹ዟሪ ሚስት አለችው አሉኝ› ብለው ጫማዋን ቆለፉባት። ብትራመድ ኖሮ ጎኗ ሽባ አይሆንም ነበር ብዬ አልምልም። ዕድሏን ግን ነፈጓት። ያኔ ካሟት ሰዎች አንዱ እንኳ መጥቶ አገላብጧት ያውቃል?»

የሰው አፍ ይፈራል፤ የሰው አፍ ግን በሽተኛ አያስታምም። ልብስ ሰፊው ይህን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

በማግስቱ ማለዳ ወጣ። መጀመሪያ እስከ መንገዱ ማዞሪያ፣ ኋላም ግማሽ ሰዓት ሙሉ። በሦስተኛው ወር ግፊቱ መቶ ሃያ አራት በሰባ ስምንት ሆነ፤ ደረጃውን ሳይቆም ወጣ፣ እንቅልፉም ተስተካከለ። ሚስቱን ከአልጋ ሲያነሣት እንኳ እንደ ድሮው አያለከልክም።

አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ ሲገባ፣ ሚስቱ በከበደ ምላሷ «መንገዱ ደስ ይላል?» አለችው።

ሊዋሻት አልቻለም። «ደስ ይላል።»

«ያኔም ደስ ይል ነበር» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።