ጣሪያዋ የሚከፈተው መኪና

ከአሰንዳቦ ወደ ጅማ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት ንፋስ ገባ ብለው መስኮቱን አስዘጉኝና ከባላቸው ጋር ክርክራቸውን ቀጠሉ።

“ኤዲያ! ለጅማ ዝናብ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና?”

“ሲዘንብ ይዘጋላ።”

“ንፋሱስ? ያቺን ጣሪያዋ የማይከፈተውን ትንሿን እንግዛ።”

“ከደዶ በሞተር ሳመጣሽ ዝናቡም ንፋሱም ነበር እኮ።”

“ያኔማ ልጅ ነበርኩ።”

“እንደዚያን ቀን ስቀሽ አታውቂም።”

“አንተስ? እኔን ለማየት ስትዞር ገደል ልትከተን አልነበር እንዴ?”

“እሺ በቃ፣ የማይከፈተውን እንግዛ።”

ሴትዮዋ ወደ ባላቸው ዞር አሉ።

“የሚከፈተውን ግዛ። ግን መንጃ ፈቃድ የማወጣው እኔ ነኝ። አንተ ጎኔ ተቀምጠህ እንደልብህ ታየኛለህ።”

ያስዘጉኝን መስኮት ቀስ ብዬ ከፈትኩት፤ ማንም ዝጋው አላለኝም።