ጠርገን የተቀበልናት ባለሙያ

በእኛ ጊዜ እዚህ ጉኑኖ ዙሪያ ውሃ የሚመጣው በሴት ጀርባ ነበር፣ ልጆች፣ እናንተ ቧንቧ እየከፈታችሁ ስላደጋችሁ አታውቁትም። ታዲያ በኢህአዴግ ጊዜ ነው፣ እኔ የቀበሌ ሊቀመንበር ነኝ፣ እና ከሶዶ ደብዳቤ መጣ። የውሃው መስመር ከመቆፈሩ በፊት የጥንት ነገር የምታጠና ባለሙያ ትመጣለች፣ እሷ ካልፈረመች ቁፋሮ የለም ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? እንግዳ ልትመጣ ነው ብዬ ሴቶቹን ሰብስቤ መስመሩን አስጠረግሁ። እኔም አብሬ ወጣሁ። የሸክላ ስባሪ በሉት፣ የድሮ የቆዳ መፋቂያ ድንጋይ በሉት፣ ለቅመን፣ አጥበን፣ ቀበሌው በር ላይ ከመርነው።

ታዲያ ልጅቷ መጣች፣ ሰናይት ትባላለች፣ ቀጭን ናት። ክምሩን ዞራ ዞራ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየት ከየት ነው የተነሳው?»

«ከየቦታው» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«እኔ የመጣሁት እኮ ቦታውን ለማየት ነው። የት እንደወደቀ ካላወቅሁ፣ ከሥሩ መቃብር ይኑር ቤት ይኑር በምን አውቄ ልፈርም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውሃው በእኔ ጥፋት ሊቀር ነው፣ በእኔ።

እና እማማ ባሎቴ፣ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት፣ ጎንበስ ብለው አንዷን ስባሪ አነሱ። በወላይትኛ ተናገሩ፣ እኔ አስተረጎምኩ። «ይቺ ከእኔ እንሰት ሥር ናት፣ ከታች በኩል። እያንዳንዷ የራሷን ታንሳ።» ታዲያ ሴቶቹ አነሱ! ማርታ ያቺ ከቦዬ ሥራ ሥር ማሳዬ ዳር፣ ሌላዋ ያቺ ከአጥሬ ሥር እያሉ ወስደው መለሱ። ልጅቷ ተከትላ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ትንንሽ የምልክት ባንዲራ እየተከለች ጻፈች፣ ጻፈች። ስንት ሹም አይቻለሁ፣ ገበሬ ሴት ጠይቆ የነገረችውን እንዳለ የጻፈ ግን እሷን ብቻ አየሁ። ከእማማ ባሎቴ እንሰት አጠገብ መፋቂያው በዛ፣ ትንሽ ብትቆፍር የጥንት ምድጃ ተገኘ። ቧንቧው ምድጃውን ዞሮ ይለፍ አለችና ፈረመች። ይኸው ዛሬም ዞሮ ነው የሚመጣው።

በኋላ ጥናቱን ላከችልን፣ አስተማሪው አነበበልን። የእማማ ባሎቴ፣ ከእንሰት ሥር። የማርታ፣ ከቦዬ ማሳ ዳር። የሁሉም ቦታ አለ። መጨረሻ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ፣ «በሊቀመንበሩ የተለቀሙ፣ ቦታቸው ያልታወቀ።» (ልጆቹ ይስቃሉ፣ አንዷ ትጠይቃለች።)

«አሁንስ አላስታወሱትም፣ አባባ?»

ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ እኔ ስለቅም መሬቱን መች አየሁ፣ ልጅቷ የምትመጣበትን መንገድ ነበር የማየው።