የሐጂ ሙጠሊብ ባዶ ቦታዎች

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ እኔ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ የሕፃናት ዱቄት ወተት ይዤ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር እንከራተት ነበር። የነጋዴ ዕቃ ከወደብ አስፈትቼ የማስተላልፍ ትራንዚተር ነኝ፤ ስሜ ዓለምሰገድ ይባላል። ዕቃውን ሊቀበለኝ ቃል የገባው መጋዘን በመጨረሻዋ ደቂቃ «ሞልቷል» አለኝ። በዚያ ፀሐይ ወዴት እንደምሄድ ጨንቆኝ ሳለ ሐጂ ሙጠሊብ ትዝ አሉኝ።

ሐጂ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ መጋዘን ሲጠብቁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ስደርስ በሩ ላይ ከወንድማቸው ልጅ ከሰብሪና ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሰብሪና እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታጠናለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ የያዘችውን ግን አትለቅም።

«አጎቴ፣ ነጃት አንድ ልጅዎ ናት። እሑድ ድሬዳዋ ስትዳር እርስዎ ከሌሉ ምኑን ሠርግ ሆነ?»

«አባትሽን ወኪል አድርጌያለሁ፤ ኒካሑን እሱ ያስርልኛል። መጋዘኑን ግን ማን ይወክለኛል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ በዚህ ሰዓት ምን አመጣህ?»

«ወተት ነው ሐጂ። ጎን ለጎን የሆነ ስድስት ቦታ እፈልጋለሁ።»

የመጋዘኑ ወለል በቀለም ዘጠና ቦታ ተከፍሎ ቁጥር ተጽፎበታል። የአንድ ሰው ዕቃ አንድ ላይ ካልተቀመጠ ሲወጣ ስለሚደባለቅ፣ ተለያይቶ አይራገፍም። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«የአኒስ ቦታ ሁለት አለኝ። የቡርቱካን ሦስት፣ የናዒማ ሦስት፣ የዘይድ አራት። ስድስት የለኝም ወንድሜ፤ አዝናለሁ።»

እንግዲህ የሐጂ ልማድ ይህ ነው። ወለሉ ላይ ቁጥር ቢኖርም በቁጥር አይጠሩትም፤ ባዶ ቦታን ሁሉ መጨረሻ ላይ ዕቃ ባኖረበት ነጋዴ ስም ነው የሚያውቁት። ይህንንም በጭንቅላታቸው ብቻ ይዘውታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እናታቸውን ለመቅበር አራት ቀን ሄደው ሲመለሱ፣ ሳሙና ዱቄት ላይ ተራግፎ፣ የአምስት ሰው ዕቃ ተደባልቆ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ ይህን እንደ ትልቅ ታማኝነት እያየሁ ሳደንቃቸው ኖሬያለሁ። ሰው በገዛ ሥራው ታስሮ ሲኖር ማድነቅ ምን ይባላል!

«ደብተር ቢይዙስ?» አልኩ፤ ወረቀት የምወድ ሰው ነኝ።

«ይዤ ነበር። አንዱ ሲያስገባ ይጽፋል፣ ሌላው ሲያወጣ ይረሳል። ደብተሩ አንድ ነገር ይላል፣ ወለሉ ሌላ።»

«አጎቴ እውነታቸውን ነው» አለች ሰብሪና። ሐጂ ይህን አልጠበቁምና ቀና አሉ። «እኛም ትምህርት ቤት ይኸው ጥያቄ ገጥሞናል። የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ እንደዚህ ወለል በቁጥር የተከፋፈለ ነው። ፕሮግራሞች ቦታ ይጠይቃሉ፣ ሲጨርሱ ይመልሳሉ። ቦታውን የሚያድለው፣ አዳዩ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ግን መዝገቡን የት ያስቀምጠው? መዝገቡም እኮ ራሱ ቦታ ይይዛል።»

«እሱስ ልክ ነው። ታዲያ የት ያደርገዋል?»

«እዚያው ባዶው ቦታ ላይ። ባዶ ስለሆነ ማንንም አያጣብብም። እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ‹እኔ ይህን ያህል ነኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ባዶ እዚያ ነው› ይላል። አዳዩ በቃሉ የሚይዘው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።»

ይህን እያለች ካርቶን ቀደደችና ጻፈችበት። የአኒስ ቦታ ከስንት ቁጥር እንደሚጀምር ሐጂን ጠይቃ በሩ ላይ 9 የሚል ሰቀለች። ሐጂ ሳይወዱ በግድ ተከተሏት፤ እኔም ወተቴን ረስቼ ተከተልኩ። ዘጠኝ ቁጥር ላይ «2፣ ቀጥሎ 31» የሚል ካርቶን አኖረች። ሠላሳ አንድ ላይ «3፣ ቀጥሎ 34»፤ ሠላሳ አራት ላይ «3፣ ቀጥሎ 70»፤ ሰባ ላይ «4፣ ቀጥሎ 0»። ዜሮ ማለት አለቀ ማለት ነው።

«ዕቃ የገባበት ቦታ ካርቶኑ ይነሣል» አለች። «ከፊቱ ያለው ካርቶን ላይ ቀጥሎ የሚለውን ቁጥር ማስተካከል ብቻ ነው። ሲለቀቅ ደግሞ በቁጥሩ ተራ መሐል ይገባል። ዘጠናውን ቦታ መዞር የለም።»

«የልጅ ጨዋታ ነው» አሉ ሐጂ በጨዋነት።

«ይሁን። ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

«ሦስት፣ ቀጥሎ ሠላሳ አራት።»

«ሠላሳ አንድና ሦስት ስንት ነው?»

«ሠላሳ አራት።» ወለሉን አዩ፤ ካርቶኑን አዩ። የቡርቱካን ቦታ ባለቀበት የናዒማ ይጀምራል። ሁለቱ ቦታዎች ሲነካኩ ዓይናቸው ሺህ ጊዜ አይቷል፤ በስም ሲጠሯቸው ግን እንደ ሁለት ሰው ቤት ለያይተው ይዘዋቸው ኖረዋል።

«ስድስት ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጎን ለጎን ስድስት። ያ ረቢ! ስንቱን ሰው የለኝም እያልኩ ከበር መልሼ ይሆን?»

ሰብሪና አልሳቀችም፤ እዚህ ላይ ወደድኳት። ሠላሳ አራት ላይ ያለውን ካርቶን አንሥታ፣ ሠላሳ አንድ ላይ «6፣ ቀጥሎ 70» ብላ ጻፈች። ወተቴን እንዳስገባ ግን ሐጂ ገና አልፈቀዱም። የሠላሳ ዓመት ልማድ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«ቆይ ልጄ። ይህን በር ስንከፍት ነፋስ ይገባል። አንዱ ካርቶን ቢበርስ? ዘጠኝ ላይ ያለው ከጠፋ ሌላው ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም?»

«ነው» አለች ሰብሪና፤ ፊቷ ቀላ። «ትልቁ ድክመቱ እሱ ነው። አልደብቅዎትም።»

«ይኸውልሽ! እኔ ደግሞ ሌላ ሰው እዚህ ትቼ ልሄድ!» አሉና ወደ በሩ መንገድ ጀመሩ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ፤ ስለ ነጃትም አዘንኩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ግን ቆሙ።

«ሰብሪና፣ ወዛደሮች መርከብ ሲያራግፉ አይተሻል? ጆንያውን ሰው ለሰው ሲቀባበሉ አንዱ ቢጎድል ሰልፉ አይጠፋም። ከፊቱ የነበረውም ከኋላው የነበረውም ቦታውን ያውቃሉ።» ዞሩ። «ካርቶኑ ቀጣዩን ብቻ ለምን ይናገራል? ከፊቱ ያለውንም ይናገር። በሩም ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁለቱም ይጻፉ። አንዱ ቢበር ከወዲያም ከወዲህም መጥተን እናገኘዋለን።»

ሰብሪና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አጎቴ፣ ይህ እኮ በትምህርቱ አለ! እኔ ነኝ የተውኩት፤ ይከብድዎታል ብዬ።»

«እኔን ነው የሚከብደኝ?» አሉ ሐጂ፤ ደስ ብሏቸው ተቆጡ።

ወተቴ በሠላሳ አንድ ቁጥር ገባ። ሐሙስና ዓርብ ሐጂ ካርቶኑን በጠንካራ ሰሌዳ አስቀይረው፣ የጉልበት ሥራውን ለሚመራው ለዘከሪያ አሳዩት። ዘከሪያ ፊደል አልቆጠረም፤ ቁጥር ግን ከእኔ ይልቅ ይፈጥናል። ቅዳሜ ጠዋት አጎትና የወንድም ልጅ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄዱ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ወተቴን ላወጣ ስሄድ ሐጂ ተመልሰዋል። ዘከሪያ እየተዘዋወረ ያስረዳቸዋል። ሰኞ ዕለት ነፋስ የአንዱን ቦታ ሰሌዳ ወስዶት ነበር። ከፊቱ ያለው ሰሌዳ ወደዚያ ይልካል፣ ከኋላው ያለውም ከዚያ መጣሁ ይላል፤ ዘከሪያ ባዶውን ቦታ ቆጥሮ አዲስ ሰሌዳ ጻፈ። ሦስት ጭነት ገብቷል፣ ሁለት ወጥቷል፣ አንድም ጆንያ አልተደባለቀም።

«ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?» አሉት ሐጂ፣ ቅር ብሏቸው።

«ምን ብዬ ልደውል?»

ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም፣ ምክር ማብዛት ልማዴ ስለሆነ፣ ጥቅሙን እዘረዝርላቸው ጀመር። ቦታ የሚፈልግ ሰው ከበር አይመለስም፤ የተነካኩ ባዶዎች ይዋሐዳሉ፤ የአንድ ሰው መታመም ወይም መሄድ ሥራውን አያቆምም፤ ማንም አዲስ ሰው ከበሩ ቁጥር ተነሥቶ... እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«እሱን ተወው። እኔ የምነግርህ ሌላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሰግድ እንኳ በልቤ ይህን ወለል ነበር የምቆጥረው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሑድ ዕለት ነጃት ፊቴ ስትቆም ልማዴ ሆኖ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ የሚቆጠር እንደሌለ ትዝ አለኝ። ልጄን አየኋት። እንዴት እናቷን እንደመሰለች ለካ አላውቅም ነበር።»

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው ተነሡ።

«ወተትህ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው» አሉኝ። «ስታወጣ ሰሌዳውን መመለስ እንዳትረሳ።»