ሰማያዊው ብልቃጥ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፤ የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር አስናቀና የዶክትሬት ተማሪያቸው ትርሲት፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፈሳሽ የያዙ ሁለት ብልቃጦች ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

አስናቀ፦ አይጦቹን አልሰጥሽም ብያለሁ። ለዘንድሮ የቀሩን እነሱ ብቻ ናቸው፤ የሚወጉትም የእኔን ውህድ ነው።

ትርሲት፦ ሌላ አይጥ እስኪመጣ የትምህርት ጊዜዬ ያልቃል። የእኔ ውህድ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ነው።

አስናቀ፦ ይቅራ። ጥሩ ቦታ ነው።

ትርሲት፦ የካንሰር ሴል እኮ ይገድላል።

አስናቀ፦ በረኪናም ይገድላል። በረኪና በደም ሥር እንስጥ?

ትርሲት፦ ጤነኛውን ሴል ግን አይነካም። ደጋግሜ አይቻለሁ።

አስናቀ፦ በመዳብ ካንሰር እናክማለን ብዬ ስነሣ ኮሚቴው ፊቴ ላይ ሳቀ። «ሂድ ድስት ሥራበት» ያሉኝ ሰዎች ናቸው ዛሬ ብድግ ብለው ወንበር የሚለቁልኝ። አንቺ በእኔ ውህድ ላይ ጅራት ቀጥለሽ፣ አዲስ መድኃኒት ነው ትያለሽ።

ትርሲት፦ ጅራቱን የቀጠልኩት መዳቡን አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ዕጢው ጋ ሳይደርስ ደም ውስጥ እንዳይለቀው። የእርስዎ ይለቀው አይለቀው አይተው ያውቃሉ?

አስናቀ፦ ስሜን ያስጠራውን ውህድ? እኔ እንደ አንቺ በሥራዬ አልጠራጠርም።

ትርሲት፦ እኔ ተጠራጠርኩ። ሁለቱንም ውህዶች በጨው ውሃ አሟሙቼ በሰውነት ሙቀት አሳደርኳቸው። እነዚህ ናቸው። ሲገቡ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ።

አስናቀ፦ ታዲያ ዓይን የለኝም? አንደኛው እንደ ገባ አድሯል። ይሄኛው ሰማያዊ ሆኗል፤ ሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ምን ማለት ነው? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይመልሰዋል።

ትርሲት፦ መዳቡ ይዞት ከነበረው ተሸካሚ ተለይቷል።

አስናቀ፦ ተለይቷል። ሰማያዊው ራቁቱን የቀረ መዳብ ነው፤ ዝቃጩ ደግሞ የጣለው ተሸካሚ። ራቁቱን የቀረ መዳብ ዕጢና ጉበት አይለይም፤ ያገኘውን ይፈጃል። አንቺ ይሄን በሽተኛ ልትወጊበት ነው?

ትርሲት፦ ፕሮፌሰር፣ ብልቃጡ…

አስናቀ፦ አታቋርጪኝ። የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው አለ። ይሄን ነገር መድኃኒት ብሎ የጠራ ሰው ሊያፍር ይገባል።

ትርሲት፦ ስለዚህ አይጥ ቤት አይግባ?

አስናቀ፦ ለአይጥም ነውር ነው። ድፊው። መዳቡን ይዞ ያደረው ይገባል፤ አለቀ።

ትርሲት፦ ለአይጥ ቤቱ ኃላፊ እርስዎ ቢደውሉላቸው? እኔን አይሰሙኝም።

አስናቀ፦ በደስታ። ሃሎ፣ አቶ ደምስ? አስናቀ ነኝ። ነገ ትርሲት ብልቃጦች ስታመጣ አረንጓዴውን ተቀበላት። ሰማያዊው ተሰርዟል። አዎ፣ የመጨረሻ ቃሌ ነው። ይኸው፣ ደወልኩ። ረካሽ?

ትርሲት፦ በጣም። ሰማያዊውን ከመድፋቴ በፊት ግን ገልበጥ አድርገው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡ። የእርስዎ ስም ነው።