የማርጋሬታ መዝገብ

አውሮፓ ስደተኛ እንዳይገባ አጥር ባጠረችበት ሰሞን፣ በምንኖርበት የባሕር ማዶ ከተማ ልጄን አስከትቤ ስመለስ፣ በፊንች ጎዳና አውቶቡስ ላይ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ነበር። ወጣቷ በስልክ አማርኛ ስታወራ ሰምተው ነው ሽማግሌው ያናገሯት።

«ምን ትማሪያለሽ ልጄ?»

«ታሪክ ነው አባባ። የፒኤችዲ ሪሰርቼ የዛሬ አራት መቶ ዓመት ስለነበረችው አውሮፓ ነው።»

«እሱን ተዪና የዘንድሮዋን ንገሪኝ። ልጄ ባሕሩን ተሻግራ አጥሩ ጋ ቆማለች። ይከፍቱላታል?»

«የነገን እኛ አናውቅም አባባ።»

«ያ ሁሉ ፒኤችዲ ታዲያ ለምን ይሆናል?»

ሳቀች። «ያኔ እነሱም በሃይማኖት ይጋደሉ ነበር። የሸሸው ሰው ሌላ ከተማ በር ላይ ሲደርስ ዘበኛው ስሙን ይጽፋል። እኔ የማነበው ያንን መዝገብ ነው።»

«የፈረንጅ ስደተኛ?»

«ዛሬ አጥር የሚያጥሩት ሰዎች ቅድመ አያቶች ናቸው።»

«ወይ ጉድ! ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ?»

«አለ። በእጄ ነክቼዋለሁ።»

«አስገቧቸው?»

«አንዳንዱን አስገቡ፣ አንዳንዱን መለሱ። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ተጽፋ አገኘኋት። መጀመሪያ ከነልጆቿ መልሰዋታል።»

«ኋላስ?»

«ብርዱ ሲጠና እዚያው በር ላይ እንደገና መጣች።»

«እሺ?»

«ገባች።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ስሟ ማን ይባላል?»

«ማርጋሬታ።»

«ማርጋሬታ… ልጄ ስትደውል እነግራታለሁ።»

እኔም ስሙ እንዳይጠፋኝ በልጄ የክትባት ወረቀት ጀርባ ላይ ፊደል በፊደል ጻፍኩት።