«አለቀ» የተባለው መስቀል

የምስክር ስም፦ ትራንሲቶ ማሲን
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ የባህል ቤት ፅዳት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ኢሳልኮ ከተማ፣ ዶሎሬስ ሰፈር
ቀን፦ ሜይ 3 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 9፡20 ሰዓት

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ በስርቆት ተጠርጥረው ስለታሰሩት ስለ ዶን ኒካኖር ቴፓስ የማውቀውን ማንም ሳያስገድደኝ እናገራለሁ። ሰውየው 84 ዓመታቸው ነው፤ ሌባ አይደሉም። ቃሌን የሚጽፈው ሳጅን ይህ አስተያየት እንጂ ምስክርነት አይደለም ቢለኝም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በባህል ቤቱ የሰባት የውጭ አገር ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ከተከፈተ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሁሉም የእኛን አገር አይተው የሠሩት ነው። ኖርዌያዊቷ ቶሪል በየዓመቱ በዛሬዋ ቀን በየግቢያችን የምናቆመውን፣ ፍሬ ሰቅለን፣ ተሳልመን አንድ አንድ የምንበላበትን የመስቀል ቀን መስቀላችንን አቆመች። ግንዱ እውነተኛ እንጨት ሲሆን የተንጠለጠሉበት አርባ ሁለት ፍሬዎች ግን ሸክላ ናቸው። ማንጎው፣ ሆኮቴ የምንለው ትንሹ ቀይ ፍሬ፣ ዘይቱኑ የልጣጩ ነጠብጣብ ሳይቀር አለው። ተርብ እንኳ ተታልሎ ሲያርፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። የሰው እጅ ይህን ይችላል ብዬ አላስብም ነበርና አቧራውን የምጠርገው እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅሁ ነበር።

ዛሬ ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ላይ ስጠርግ ዶን ኒካኖር በር አንኳኩ። ዘንድሮ ጉልበታቸው ስለከዳቸው በግቢያቸው መስቀል አላቆሙም። መስቀል በሌለበት ግቢ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሰይጣን መጥቶ ይጨፍራል። እዚህ ያለውን ልሳለም ብለው ለመኑኝ። የሚከፈተው በ4፡00 ሰዓት መሆኑን እያወቅሁ ከፈትኩላቸው። ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ከሥራ ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ።

ተንበርክከው ጸለዩ። ከዚያ እንደ ወጉ አንድ ማንጎ አውርደው ነከሱ። ዓይናቸው ደካማ ነው። «ትራንሲቶ ልጄ፣ ይሄ ገና አልበሰለም» አሉኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሸክላ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸው አልሳቁም፤ እየዳበሱት ብዙ ቆዩ። ይህን የሠራ ሰው እየጸለየ ነው የሠራው ብለው በከረጢታቸው ከተቱት። ወደ መስቀል ባዶ እጁን የሚሄድ የለምና ከቤት ያመጡትን ማንጎ በቦታው ሰቀሉ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ከ2፡00 ሰዓት ጀምሮ ሰው እስከ አደባባዩ ተሰለፈ። እያንዳንዱ ተንበረከከ፣ አንድ ሸክላ ወሰደ፣ የራሱን ፍሬ ሰቀለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወሬና የስልክ ጥሪ ያልተለየው አዳራሽ ጸጥ አለ። ዘጠኝ ቀን የወለወልኩት ነገር መስቀል መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። የመጨረሻውን ዘይቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በ4፡00 ሰዓት ሥራ አስኪያጁና ቶሪል አብረው ገቡ። አንድም ሸክላ አልቀረም። ቶሪል የእኛን ቋንቋ ጥቂት ነው የምታውቀው። አይታ አይታ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «አለቀ።» ሥራ አስኪያጁ ሥራዬ ተዘርፎ አለቀ ማለቷ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ዶን ኒካኖር በሩ አጠገብ አረፍ ብለው ስለነበር ተፈትሸው ተያዙ። አስተርጓሚ ከነገ በፊት እንደማይመጣ፣ እስከዚያ እሳቸው እዚሁ ጣቢያ እንደሚያድሩ ተነግሮኛል።

እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ። የተሰረቀ ሰው ፊት አልነበራትም፤ ፊቷ በርቶ ነበር። «አለቀ» ያለችው ሥራው ተፈጸመ፣ አሁን ገና ሞላ ለማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ሊጠራ ሲወጣ ምን ላድርግ በሚል ዓይን ስታየኝ መጀመሪያ ተንበርከኪ፣ ከዚያ ውሰጂ ብዬ በእጄ አሳየኋት። ተንበረከከች። አንድ ሆኮቴ አውርዳ እያለቀሰች በላች፤ ዘሩንም በመሐረቧ ቋጠረች። ንብረቷ የጠፋባት ሰው እንዲህ አያደርግም።

ሌሎቹን የወሰዱ ሰዎች በስም እንድዘረዝር ተጠይቄያለሁ። አርባውንም አውቃቸዋለሁ። ሳጅኑን «ልጄ ዊልበር፣ ዝርዝሩን ከአንተ ልጀምር?» አልኩት። ብዕሩን አስቀምጦ «እትዬ ትራንሲቶ፣ ይሄ እንዴት ይጻፋል?» አለኝ። «እንደተደረገው» ብዬ መለስኩለት።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለበትም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ትራንሲቶ ማሲን

ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዊልበር ካልዴሮን

የተቀባዩ ማስታወሻ፦ ምስክሯ ያሉት እውነት ነው። ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ተንበርክኬ አንድ የሸክላ ሎሚ ወስጃለሁ። ሎሚውን ከዶን ኒካኖር ማንጎ ጎን በኤግዚቢትነት አስቀምጫለሁ። እሳቸው የሚያድሩ ከሆነ እኔም አብሬያቸው እንድታሰር፣ እኔ የማልታሰር ከሆነ እሳቸው አሁኑኑ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ለአዛዡ አመልክቻለሁ።