ከኋላው ምክር የሌለው መጽሐፍ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ ዝናቡ አባረረኝና የዮዲ መጽሐፍ መደብር ደጃፍ ተጠለልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ መጽሐፍ ባለበት ዝም ብዬ መቆም አይሆንልኝም። ያን ቀን ግን ጎረቤቴ አቶ ወልደ አማኑኤል ቀድመውኝ ከዮዲ ጋር ክርክር ገጥመው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ፅዮን ካረፈች ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ሳምሪን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛ ክፍል ናት። መጽሐፍ ሲሰጧት ገልጣ ትዘጋዋለች፤ ሳቋንም እኛ ጎረቤቶቿ ከሰማን ቆየን። አያትዋ ንባብ ትልመድ ብለው ምክር የሞላበት መጽሐፍ ሊገዙ ቢመጡ፣ ዮዲ ስለ አንዲት አስቂኝ ተማሪ የተጻፈ፣ በአጫጭር ምዕራፍ የተከፋፈለ መጽሐፍ አቀረበችላቸው።

እሳቸውም ከኋላ ገለጡት። "ልጄ፣ 'ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ' የሚለው የታል?"

"የለውም አባባ።"

"ታዲያ ምን ይረባል? ትምህርት ቤት የሚከበር እንጂ የሚሳቅበት ቦታ አይደለም። እኛ ፊደል የቆጠርነው በየኔታ አለንጋ ነው።"

"ልክ ነዎት። ግን ያን ጊዜ ሲያስቡ ደስ የሚልዎት አለንጋው ነው ወይስ ከጓደኞችዎ ጋር የሳቃችሁት?"

እኔም ልጨምርበት አፌን ስከፍት ዮዲ በዓይኗ አስቆመችኝ።

"ምክሩንማ ሳምሪ ጠዋት ማታ ትሰማዋለች" አለች ቀስ ብላ። "ያጣችው 'ከዚያስ ምን ሆነ' የሚያሰኛትን ነው። ሲመርጡላት ከኋላ አይጀምሩ። አንድ ምዕራፍ ያንብቡ። ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ወሬው እሷ የምታውቀው ይሁን። ቀልዱ በደካማ ልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ይተዉት። እስቲ ይቺን ይሞክሯት።"

መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ። ተማሪዋ ተሳስታ በምሳ ዕቃዋ ፈንታ የበርበሬ ዕቃ ይዛ ትሄዳለች። ስትከፍተው ክፍሉ በሙሉ ያስነጥሳል፤ "ጸጥታ" ሊሉ የተነሡት መምህርም ቃሉን ሳይጨርሱ ያስነጥሳሉ። አቶ ወልደ አማኑኤል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ፅዮንም እንዲሁ ነበረች" አሉ። "አንድ ቀን የሰፈሩን ድመት በቦርሳዋ ደብቃ ሄዳ፣ ሰልፍ ላይ መዝሙሩን ድመቷ ጀመረችላቸው። ይህን ለሳምሪ ነግሬያት አላውቅም። ስሟን ባነሣ ታለቅሳለች ብዬ ቤቱን ዝም አሰኘሁት። ናፍቆቱን እኔም አልቻልኩትም።"

"እሷም እርስዎ እንዳያዝኑ ብላ ይሆናል ዝም ያለችው" አለች ዮዲ።

አቶ ወልደ አማኑኤል ሒሳቡን ከፍለው መጽሐፉን ከዝናቡ በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ።

ክረምቱን አገር ቤት ከርሜ ስመለስ አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ሁለተኛ መጽሐፍ ሊገዙ ወደ ዮዲ እየሄዱ ነበር።

"ሳምሪ ጨረሰችው እንዴ?" አልኳቸው።

"ጨርሳ ደገመችው። ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ እየሳቀች ታነብልኛለች። ስታበቃ 'አሁን ደግሞ የእማዬን ምዕራፍ' ትለኛለች፤ እኔም የፅዮንን አንድ ታሪክ አወጋታለሁ።"

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የአስተማሪ ነገር ነውና ጥቅሙን ሳልናገር አላልፍም። የሳቀ ልጅ ቀጣዩን ገጽ ይገልጣል፤ እየገለጠም ንባብ ይለምዳል። ያነበበ ልጅ ደግሞ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ የሚመልስለት ካገኘ ምክሩም በጊዜው ይደርሳል። ለአቶ ወልደ አማኑኤል ይህን ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው ግን ታክሲው ላይ ነበር።

"ምነው ቸኮሉ?"

"የፅዮን ምዕራፍ እያለቀብኝ ነው" አሉ። "በመጽሐፍ እያፈራረቅሁ ላቆየው ብዬ ነው።"